ድምፁ የማን ነው?

ፎቶው በቴሌግራም የደረሰኝ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ባልደረባዬ ደብረ ማርቆስ ናት፣ እኔ ባሕር ዳር፤ በመካከላችን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። የምትሠራበት ኮምፒውተር ኢንተርኔት ስላልነበረው ተርሚናሉን፣ ፕሮግራሞቹ ወሬያቸውን የሚጽፉበትን መስኮት፣ በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። ወሩ ጥር ነው። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ግዢ ሊጀምሩ ቀናት ቀርተዋቸዋል። እኛ የምንሠራው ሶፍትዌር ከሚዛኑ ክብደት አንብቦ፣ ሒሳብ አስልቶ፣ ለገበሬው ደረሰኝ ያትማል። ሲያወሩት ትንሽ ነገር ነው። ግን ሰውየው የዓመት ልፋቱን በአህያ ጭኖ መጥቶ የሚቆመው እዚያ ሚዛን ፊት ነው፤ አንዲት ዜሮ ብትጎድልበት የሚጎድለው የልጆቹ ቀለብ ነው። ስለዚህ ቴስቶቻችንን፣ ኮዱ ልክ መሥራቱን የሚፈትሹትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ አጥብቀን ነው የምንይዛቸው።

ፎቶው ላይ ጎልተው የሚነበቡት መስመሮች እነዚህ ነበሩ፦

ቴስት ጀመረ፦ ሚዛን
ቴስት ጀመረ፦ ደረሰኝ
የተጠበቀው 100፣ የተገኘው 1
ቴስት ጀመረ፦ ዋጋ

ማንም እንደሚያነበው አነበብኩት። ቁጥሩ ከ«ደረሰኝ» ሥር ነው ያለው፤ እንግዲያው የወደቀው ደረሰኝ ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። 100 መሆን ሲገባው 1 ካለ፣ ደረሰኙ ኩንታሉን ወደ ኪሎ ሳይመነዝር አትሞታል ማለት ነው። «ደረሰኙ ላይ በ100 ማባዛት ቀርቷል፣ እሱን እዪው» ብዬ ጻፍኩላት። አምናኝ አባዛችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ፎቶ መጣ፦

የተጠበቀው 100፣ የተገኘው 10000
የተጠበቀው 100፣ የተገኘው 1

ሁለት መስመር፣ ተከታትለው፣ ባለቤት የሌላቸው። አንዱ ቴስት ሁለት ጊዜ የተለያየ መልስ የሰጠ መሰለኝ። ሜሞሪ የሚያበላሽ ነገር አለ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ያንን ስናሳድድ ዋልን፤ እሷ ምሳም አልበላች። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በራሷ ሐሳብ ቴስቶቹን አንድ በአንድ አስኬደቻቸው። ደረሰኙ ከመጀመሪያው ጤነኛ ነበር። የወደቀው ሚዛኑ ነው፤ ለአዲሱ የሚዛን ዓይነት የጨመረችው ኮድ ክብደቱን በኪሎ ፋንታ በኩንታል ይመልስ ነበር። ጤነኛውን ኮድ ያሳመምነው እኛ ነን።

ስህተቱ ራሱ በአምስት ደቂቃ ተስተካከለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቅ ያለኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ማሽኑ እውነቱን ተናግሮ ሳለ እኛ እንዴት ሳንሰማው ዋልን?

ቢልዱንም (ኮዱን ወደሚሄድ ፕሮግራም መቀየሩን) ቴስቱንም የምናስኬደው ሜክ በሚባል ሥራ አዛዥ መሣሪያ ነው፣ በ«-ጄ8»። ስምንት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሄዳል ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሳምንት የሚያጭደውን ማሳ ስምንት ሰው በወንፈል ገብቶ ባንድ ቀን እንደሚያነሳው። እኔ ላፕቶፕ ላይ 14 ደቂቃ የሚወስደው ቢልድ በዚህ ከ4 ደቂቃ በታች ያልቃል፤ ይህን ትቼ ወደ አንድ በአንዱ ልመለስ ብል ሥራዬን አልወደውም። ደግሞም ሥራው አይቀላቀልም። እያንዳንዱ የየራሱን ፋይል ነው የሚነካው። የሚቀላቀለው ወሬው ነው፤ ስምንቱም የሚናገሩት ባንድ ተርሚናል ነውና። ቀይና ነጭ ጤፍ ሲቀላቀል ሰርገኛ እንለዋለን። ሰርገኛ ጤፍ ይበላል፣ እንጀራውም ደህና ነው። ሰርገኛ ሎግን፣ የተቀላቀለ የፕሮግራም ወሬን፣ ግን መልሶ የሚለየው የለም።

እርግጥ ሜክ የወደቀውን ታርጌት፣ ማለትም እንዲሠራ የታዘዘውን ነገር፣ በስሙ ይጠራዋል። ሦስት ኮከብ አስቀድሞ ስሙን ይጽፋል፣ ቀጥሎም ያላለቁትን ሥራዎች እየጠበቀ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ካለ በኋላ ግን አዲስ ሥራ ባይጀምርም፣ የተጀመሩት ሰባቱ እስኪጨርሱ ዝም አይሉም። ማያ ገጹ ግርጌ ላይ የሚቀረው «አለፈ፣ አለፈ፣ አለፈ» የሚል ነው። የእኛ የሚዛን ቴስት ደግሞ አንድ ስህተት ካገኘ በኋላ የቀሩትን ምርመራዎች ጨርሶ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ የኮከቡ መስመር ከቁጥሩ መስመር ርቆ፣ በሌሎች ወሬ መሃል ተቀብሮ፣ ከፎቶው ውጪ ቀርቷል። ባልደረባዬ ወደ ላይ ተመልሳ «የተጠበቀው» የሚለውን ፈልጋ ነው ያነሳችው። እኔም ብሆን የማነሳው እሱን ነበር።

ሜክን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ የሠራው ስቱዋርት ፌልድማን ነው። የተወለደበት ምክንያት ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። ስቲቭ ጆንሰን የተባለ ባልደረባው አንድ ቀን እየተራገመ ቢሮው ይመጣል፤ ስህተት የሌለበትን ፕሮግራም ስህተት ሲፈልግበት ጠዋቱን አቃጥሏል። ስህተቱንማ አርሞታል፤ የታረመው ፋይል ግን እንደገና ኮምፓይል አልተደረገም ነበር። ሜክ የተሠራው እንዲህ ያለ ጠዋት እንዳይደገም ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ በዚያው መሣሪያ፣ እኛ ደግሞ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ሆነን ጤነኛ ኮድ ስናክም ዋልን።

በዚያው ወር ለአስተርእዮ ማርያም ቢቸና አካባቢ ወዳሉት ዘመዶቼ ወረድኩ። ልጅ ሳለሁ ሁለት ክረምት ንባብ ቤት የዋልኩት እዚያ ነው። ያ ንባብ ቤት ከነድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሃያ የምንሆን ልጆች ዛፍ ሥር ተኮልኩለን፣ አንዱ ገና ሀሁ ይላል፣ አንዱ አቡጊዳ ላይ ነው፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ይወጣል፣ ትልልቆቹ ዳዊት ይደግማሉ። ሁሉም ጮክ ብሎ፣ ሁሉም የየራሱን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ከሩቅ የሚሰማ መንገደኛ የንብ ቀፎ ይመስለዋል። የኔታ መደባቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ ያዳምጣሉ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል አንዱ ወዳቂውን ቃል ተነሽ አድርጎ ያነበበ እንደሆነ ጭራዋ ቀጥ ትላለች። «አንተ! እስቲ መልሰህ አንብባት!» ስሙን ጠርተው ነው። አንድም ቀን ሰው ሲያሳስቱ አላየሁም።

የኔታ ይህን እንዴት እንደቻሉት ሳስብ ሁለት ነገር ይታየኛል። መጽሐፉን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል፤ ስለዚህ ማን የት ደርሶ ምን ማለት እንዳለበት አስቀድመው ያውቃሉ። ሁለተኛው፣ የእያንዳንዳችንን ድምፅ ይለያሉ። የኔ ድምፅ የጎረቤቴን አይመስልም። የሚዛኑ ቴስትና የደረሰኙ ቴስት ግን ድምፃቸው አንድ ነው፤ አንድ ዓይነት ፊደል፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ ያውም አንድ ዓይነት ቃል።

ማታ እሳቱ ዳር ይህንኑ ለአጎቴ አጫወትኩት። አጎቴ ወጣትነቱን በዋሸራ በቅኔ ተማሪነት ያሳለፈ፣ አሁን የሚያርስ ሰው ነው። ስለ ኮምፒውተር አይጠይቀኝም፤ ስለ ሥራ ግን አጥብቆ ይጠይቃል።

«እና ስምንቱም እየሠሩ ነው የሚያወሩት?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ። ያገኙትን እንዳገኙ ይጽፋሉ።»

«ቅኔ ቤት እንዲህ አይደረግም። ቆጠራ ላይ ሁሉም ለየብቻው ነው። አንዱ ጽዱ ሥር፣ አንዱ ካቡ ጥግ፣ ጋቢህን ተከናንበህ ለራስህ ታሰላስላለህ። ማንም ማንን አይሰማም። ሲመሽ ነው ነገራው። ያንተ ተራ ሲደርስ የኔታ ፊት ቆመህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትነግራለህ። አስተካክለው ሲጨርሱ ቀጣዩ ይገባል።» ትንሽ ዝም ብሎ እሳቱን ቆሰቆሰና፣ «ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት። አንዷን ቤት እኔ ብነግር፣ ሁለተኛዋን ያ ከወዲያ ያለው ቢነግር፣ ቅኔ ትሆናለች?» አለኝ።

ያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አጎቴ የነገረኝ ነገር ሜክ ውስጥ አለ። ጂኤንዩ ሜክ 4.0 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2013 ሲወጣ «--አውትፑት-ሲንክ» የሚባል ምርጫ ይዞ መጥቷል፤ ባጭሩ «-ኦ» ነው፣ በትልቁ ኦ። ትንሹ ኦ ሌላ ትርጉም አለው፤ ስሙን የሰጡትን ፋይል እንደ አሮጌ ቆጥረህ እለፈው ማለት ነው፣ ስለዚህ ጣት እንዳይስት። ስለዚህ ምርጫ አንብቤ አውቅ ነበር። የጌጥ ነገር መስሎኝ አልፌዋለሁ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሥራ የሚለው ሁሉ በቀጥታ ወደ ተርሚናሉ አይሄድም፤ ለራሱ ወደ ተከፈተ ጊዜያዊ ፋይል ይገባል። ሥራው ሲያልቅ ሜክ ቁልፍ ይይዝና ያንን ፋይል ከላይ እስከ ታች ያወጣዋል፤ ቁልፉን ይለቃል፣ ቀጣዩ ይገባል። ተራው እንደ አጀማመራቸው አይደለም፤ ቀድሞ የጨረሰ ቀድሞ ይነግራል። ምን ያህል ወሬ ባንድ ላይ ይያዝ የሚለውንም መምረጥ ይቻላል። «ላይን» ካሉት ታርጌቱ ሥር ያለች እያንዳንዷ ትእዛዝ ስታልቅ የሷን ያወጣል። «ታርጌት» ካሉት የአንዱን ታርጌት ሙሉ ወሬ ይይዛል፤ ምንም ሳይሉ «-ኦ» ብቻ ካሉም ትርጉሙ ይኸው ነው። «ሪከርስ» የሚለው ደግሞ ሜክ ውስጥ ሌላ ሜክ ሲጠራ የዚያን ሙሉ ወሬ አንድ ላይ ያቆየዋል። እኔ ይህን የመጨረሻውን ሞክሬው ተውኩት። ትልቁ ላይብረሪያችን (የጋራ ኮዳችን ጥቅል) ለብቻው ሜክ ስላለው ደቂቃዎች ሙሉ ተርሚናሉ ጭር ይላል፤ ባልደረባዬ ማሽኑ የቆመ መስሏት ሁለት ጊዜ አቋርጣዋለች። አልፈርድባትም። ዝምታና መቆም ከውጭ ሲያዩት አንድ ናቸው።

«ታርጌት»ን ሜክፋይሉ፣ የሜክ ትእዛዞች የሚጻፉበት ፋይል፣ አናት ላይ በአንድ መስመር አስገባሁት፤ ማንም ሲያስኬደው ሳያስታውስ እንዲሠራለት። ያኔ ሁሉም ነገር የሚስተካከል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ውጤት ይህ ነው፦

የተጠበቀው 100፣ የተገኘው 1
ቴስት ጀመረ፦ ሚዛን

ስሙ ከወሬው በታች መጣ። አሁን የሌላ ሰው ድምፅ አልገባበትም፤ አንዱ ቴስት ራሱ ነው የገዛ ንግግሩን የገለበጠው። ይህን ለመረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፣ ሌላ ሰው እንዳይፈጅበት በደንብ ልንገር። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሁለት መውጫ አለው፤ ስታንዳርድ አውትፑትና ስታንዳርድ ኤረር። አውትፑቱ ወደ ተርሚናል ሲሄድ መስመር በሞላ ቁጥር ይወጣል። ወደ ፋይል ወይም ወደ ፓይፕ (ወሬውን ወደ ሌላ ፕሮግራም ወደሚያሻግር ቧንቧ) ሲሄድ ግን የሲ ላይብረሪው ቁጠባ ይጀምራል፤ ማጠራቀሚያ ቋቱ እስኪሞላ ወይም ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ያጠራቅማል። ኤረሩ ግን የትም ይሂድ የት ሳይጠራቀም ወዲያው ይወጣል። «ቴስት ጀመረ» የሚለውን በአውትፑት፣ ቁጥሩን በኤረር ነበር የጻፍነው። ተርሚናል ላይ ሳለን ቅደም ተከተሉ ልክ ነበር። «-ኦ» ጊዜያዊ ፋይል ሲያስገባበት ስሙ ቋት ውስጥ ተኝቶ ቁጥሩ ቀድሞ ወጣ። ከዚህ የከፋው ፕሮግራሙ መሃል ላይ ሲሰበር ነው፤ ቋቱ ውስጥ የነበረው ሳይነገር አብሮ ይጠፋል፤ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ደግሞ የምንፈልጋቸው ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ስሙን ከጻፍን በኋላ ቋቱን ፍለሽ ማድረግ፣ ማለትም ያለውን ወዲያው ማስወጣት። ኮዱን መንካት የማይችል ሰው ፕሮግራሙን «ስታድበፍ -ኦኤል» ከሚለው ትእዛዝ ጋር ሊያስኬደው ይችላል፤ እሱ አውትፑቱን በየመስመሩ እንዲወጣ ያደርገዋል።

ሌላው ዋጋ ቀለም ነው። ኮምፓይለሩ የሚጽፈው ተርሚናል ላይ መሆኑን አስቀድሞ ያጣራል፤ ፋይል ሆኖ ካገኘው ቀይና ሐምራዊውን ትቶ በደረቁ ይጽፋል። ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር «-ኤፍዳያግኖስቲክስ-ከለር=ኦልዌይስ» ብሎ ማስገደድ ይቻላል። ባልደረባዬ የማክ ኮምፒውተርም ስላላት ሌላ ነገር ገጠማት፤ ከማክ ጋር የሚመጣው ሜክ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው 3.81 ስለሆነ «-ኦ»ን ጨርሶ አያውቀውም። አዲሱን ለብቻ መጫን ነበረባት።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ መብራት ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ነው፣ ባትሪ የለውም። ስድስት ደቂቃ የሚፈጅ ቴስት አምስተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ከ«-ኦ» በፊት ቢያንስ የተባለው ተብሎ ነበር። አሁን ግን ያልጨረሰ ያልተናገረ ነው፤ ጊዜያዊ ፋይሉ ከነወሬው ይሄዳል። ስለዚህ ረጃጅሞቹን ቴስቶች ለይተን ለእያንዳንዱ በስሙ የሎግ ፋይል ሰጠነው። የሚለውን ሁሉ እዚያ ይጽፋል፤ ካለፈ ተርሚናሉ ላይ ምንም አይልም፣ ከወደቀ ሎጉ እንዳለ ይወጣና በስህተት ይቆማል። መብራት ቢሄድም ቢያንስ ዲስክ ላይ የደረሰው በስሙ ተቀምጦ ይጠብቃል። ይህን ከ«-ኦ» ይልቅ እየወደድኩት መጥቻለሁ።

የየኔታን ጆሮ ግን አልረሳሁትም። ተራ ማስያዝ አንድ መንገድ ነው፤ ድምፅን መለየት ሌላው ነው። እያንዳንዱ መስመር የባለቤቱን ስም ፊቱ ላይ ቢይዝ፣ ቢቀላቀል እንኳ ይለያል። መጀመሪያ ይህን ከውጭ ልሠራው ሞከርኩ፤ የቴስቱን ወሬ በፓይፕ «ሴድ» ወደሚባል ጽሑፍ ቀያሪ ትእዛዝ ልኬ በየመስመሩ መነሻ ስም ማስለጠፍ። አማረልኝ። ከዚያ ሆን ብዬ አንድ ቴስት አበላሸሁና አስኬድኩት፤ ሁሉም አለፈ አለኝ። ደነገጥኩ። ትእዛዞችን የሚያስኬደው ሼል በፓይፕ ሲያያይዝ ውጤቱን የሚወስደው ከመጨረሻው ትእዛዝ ነው፤ «ሴድ» ደግሞ ሥራውን በሚገባ ስለጨረሰ ሜክ ቴስቱም ያለፈ መስሎታል። ባሽ በሚባለው ሼል ላይ «ፓይፕፌይል» የሚባለው ሲበራ ይህ ይታረማል፤ ሜክ ግን ሳይነገረው የሚጠቀመው ባሽን ሳይሆን ተራውን «ኤስኤች» ስለሆነ ሜክፋይሉ ውስጥ ሼሉን መቀየር ያስፈልጋል። ሎግ ለማስቀረት ብለው «ቲ» የሚባለውን ትእዛዝ በፓይፕ የሚያያይዙ ሁሉ ይህን ይመርምሩ። የወደቀን ያለፈ ከሚል ሎግ ሰርገኛው ይሻላል፤ ሰርገኛው ውስጥ ቢያንስ እውነቱ አለ። እኛ በመጨረሻ ስሙን ራሱ ቴስቱ በየመስመሩ እንዲጽፍ አደረግነው፤ ፓይፕ የለ፣ ሴድ የለ።

ሌሎች መሣሪያዎች ይህን ቀድመው አስበውበታል። ኒንጃ የሚባለው የቢልድ መሣሪያ የእያንዳንዱን ትእዛዝ ወሬ ይዞ ሲያልቅ ነው የሚያወጣው፣ ማንም ሳይጠይቀው። ብዙ ትእዛዝ ባንድ ጊዜ የሚያስኬደው የኦሌ ታንገ ጂኤንዩ ፓራለልም እንደዚሁ የየሥራውን ለየብቻ ያወጣል፤ «-ኬ» ሲሉት ደግሞ እንደ አጀማመራቸው ያስተናግዳቸዋል፣ «--ታግ» ሲሉት በየመስመሩ ባለቤቱን ይጽፋል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው «ኤክስአርግስ -ፒ» ግን ሁሉንም እንዳመጣው ይለቀዋል።

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ሌላ ፎቶ መጣ። ጠዋት ነው፣ ጣና ዳር ባለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ሻዬ ገና አልቀዘቀዘም።

[ዋጋ] ቴስት ጀመረ
[ዋጋ] የተጠበቀው 7250፣ የተገኘው 72.5
[ዋጋ] ወደቀ

ሦስቱን መስመር አንብቤ መልስ ልጽፍ ጣቴን ሳነሳ የሷ መልእክት ቀደመኝ። «አግኝቼዋለሁ፣ ሳንቲሙን ሁለት ጊዜ ነው ያካፈልኩት። እንድታየው ብዬ ነው እንጂ አትድከም።»